ቤተሰብ ይዞ ጅማ ላይ ኩዊልት ማስተማር፦ ከአራቱ አማራጮች የትኛው ይሻላል?

ባለቤቴ የጅማ ልጅ ነው። እናቱም እህቶቹም እዚያው ናቸው። ስለዚህ እኛ ቤት "ጅማ እንሂድ" ሲባል ሁለት ነገር ማለት ነው። ልጆቹ አያታቸውን ያያሉ፣ እኔ ደግሞ ኩዊልት አስተምራለሁ። ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቱንም ጊዜ በተለያየ መንገድ ሞክሬዋለሁ። አራተኛውን መንገድ የሞከረችው ጓደኛዬ ናት፤ እኔም አንድ ቀን አብሬያት ወጥቻለሁ። ቤተሰብ ይዛችሁ ክፍለ ሀገር ወርዳችሁ ስፌት ልታስተምሩ ካሰባችሁ፣ እነዚህን አራት አማራጮች ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ።

ኩዊልትን ለማያውቅ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከላይ ተገጣጥሞ የተሰፋ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ መሃል ላይ ሙቀት የሚይዝ ነገር፣ ከስር ደግሞ ገበር አለ። ሦስቱም አንድ ላይ በስፌት ይያያዛሉ። ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። እናቶቻችን ድሪቶ የሚሉት የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። ድሪቶ እኛ ጋ የችግር ስም ሆኖ ቀርቷል። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል ሰፈር ያሉ ጥቁር ሴቶች ግን ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ብርድ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 ኒውዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ታይተዋል። ስልጠና ስጀምር ይህን ሳልናገር አላልፍም። ቁርጥራጭ መልቀም የሚያሳፍራት ተማሪ ሁልጊዜ አለች።

መጀመሪያ መመዘኛው

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ "አዳራሽ ስንት ነው?" ብሎ ነው። እኔ ከዚያ አልጀምርም። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ መርፌ በወጣበት ሰዓት ልጆቹን ማን ይዟቸዋል የሚለው ነው። "ባለቤቴ ይኖራል" ማለት አይበቃም። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? የት ሆኖ? ዝናብ ቢመጣስ? ልጅ ያለቅስ ይሆናል፣ ይራባል፣ እናቱን ይፈልጋል። አስተማሪዋ ደግሞ ጆሮዋ ግማሹ ልጇ ጋ ከሆነ የተማሪዋን ጠማማ ስፌት አታይም። ለዚህ ጥያቄ በሰዓት የተቆረጠ መልስ ከሌላችሁ ሌላውን ባትመዝኑት ይሻላል።

ሁለተኛው ብርሃንና መብራት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ብርሃን ለዓይን ነው፤ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የምትሰፋ ሴት መስኮት አጠገብ መቀመጥ አለባት። መብራት ለካውያና ለሞተር ነው። ካውያ ብቻውን ከ1,000 ዋት በላይ ይስባል። ሁለት ካውያና አንድ የውሃ ማፍያ ባንድ መስመር ከሰካችሁ ቆጣሪው ይወርዳል። ኩዊልት ያለ ካውያ ደግሞ አይሆንም። እያንዳንዱ ስፌት ተተኩሶ ካልተኛ ካሬው ከካሬው አይገጥምም።

ሦስተኛው ጠረጴዛና የስፌት መኪና፣ አራተኛው ጭነት ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የብረቱ ሲንጀር ጭንቅላቱ ብቻ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የልጅ ልብስ፣ ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ ምግብ ሲጨመር ሁለት መኪና መሸከም የሚታሰብ አይደለም። በአውሮፕላን ከሄዳችሁ መቀስና ምላጭ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ይሂድ።

አምስተኛው ተማሪዋ ናት። በባጃጅ ትደርሳለች? ስንት ሰዓት ትመጣለች? አማርኛ ብቻ ይበቃታል? ጅማ ላይ አማርኛ በደንብ ይሄዳል። ግን አፋን ኦሮሞ የምትችል ረዳት ከሌለች፣ ከከተማው ዳር የምትመጣው እናት ሳይገባት አንገቷን ትነቀንቃለች። ረዳቷ "ሊልሞ" ብላ መርፌውን ስታነሳ የዚያች እናት ፊት ሲበራ አይቻለሁ። ረዳት መቅጠር ትርፍ ወጪ አይደለም።

መጨረሻው የተጣራ ገንዘብ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ቋሚ ወጪያችሁን ደምሩ፦ ቦታ፣ ረዳት፣ ልጅ የሚይዝ ሰው፣ የከተማ ትራንስፖርት። ከዚያ ከአንድ ተማሪ ከምትቀበሉት ላይ ለእሷ የሚወጣውን ጨርቅና ክር ቀንሱ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። ለስሌት ያህል፣ ቋሚ ወጪው 5,200 ብር፣ ክፍያው 900፣ የአንዷ ዕቃ 250 ቢሆን፣ ከአንዷ 650 ይቀራል። ስምንት ተማሪ ወጪውን ይሸፍናል፣ ከዘጠነኛዋ ጀምሮ ያለው ትርፍ ነው። የቤተሰቡን የመንገድ ወጪ እዚህ ውስጥ አታስገቡ። አያት ጥየቃ የሚኬደው ስልጠና ባይኖርም ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ወይ ዋጋ ያስወድዳል፣ ወይ ጉዞውን ራሱን ይጠላል።

አማራጭ አንድ፦ ዘመድ ቤት

የመጀመሪያው ሙከራዬ አማቴ ቤት ነበር። ኪራይ የለም። ልጆቹ እዚያው ናቸው። ሰፊ በረንዳ አለ፣ ብርሃኑ ግሩም ነው። ከዚህ የተሻለ ምን አለ ብዬ ጀመርኩ።

ሁለት ችግር ገጠመኝ። አንደኛ፣ ቤቱ የእኔ አይደለም። ሰባት ተማሪዎች መጡ። አማቴ ለሰባቱም ምሳ አሰናዱ። "እማዬ፣ ስልጠና ነው እኮ፣ ቡና ይበቃል" ብላቸው "ልጄ፣ ሰው ቤቴ መጥቶ ሳይበላ አይሄድም" አሉኝ። ትክክል ናቸው፣ በቤታቸው ደንብ። ግን ከ7 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ስፌት አልነበረም። ምሳውና ቡናው ሁለት ሰዓት በላው፤ የትራስ ልብሱን የጨረሰችው አንዲት ተማሪ ብቻ ናት። ገንዘብ ብሰጣቸው ደግሞ ስድብ ነው። በኋላ የገባኝ፣ ቡናውንና ስኳሩን ቀድሞ የጅማው መርካቶ ሄዶ ገዝቶ መግባት፣ ለምታግዛቸው ልጅ ደግሞ የቀን ሒሳቧን ለብቻ መስጠት ነው።

ሁለተኛው ይበልጣል። በሁለተኛው ቀን ማታ የአራት ዓመቷ ልጄ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ስፒል ረገጠች። ጭንቅላቱ ድረስ ገብቷል። ክሊኒክ ወስደናት ነቀሉላት፣ ደህና ሆነች። እኔ ግን ያንን ሌሊት አልተኛሁም። ስልጠናው በረንዳ ላይ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ሳሎን ገባን፣ ሲያባራ ተመልሰን ወጣን። ስፒሉ የወደቀው ያኔ ነው። ጅማ ከዝናብ ጋር የሚኖር ከተማ ነው፤ በረንዳ ላይ ያቀደ ሰው ሳሎንም ላይ እንዳቀደ ይቁጠረው።

ከዚያ ወዲህ የትም ብሰራ ስፒል ቆጥሬ አድላለሁ። ለአንዷ ተማሪ አሥር ስፒልና ሁለት መርፌ፣ በቁራጭ ስፖንጅ ላይ ተሰክቶ። ስትወጣ ቆጥራ ትመልሳለች። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ እዞራለሁ፤ ወለሉን በእሱ አብሼ ሳልጨርስ ልጅ አይገባም። ዘመድ ቤት የምትሰሩ ከሆነ ይህን ሳታደርጉ አትጀምሩ።

ይህ አማራጭ ክፉ አይደለም። ከአምስት ላልበለጡ ተማሪዎች፣ በእጅ ስፌት ብቻ፣ ግማሽ ቀን ከሆነ ይበጃል። ከዚያ ካለፈ ግን ዘመዶቻችሁን ታደክማላችሁ።

አማራጭ ሁለት፦ የሆቴል አዳራሽ

በሁለተኛው ጉዞ አዳራሽ ተከራየሁ። ያለው ጥቅም እውነተኛ ነው። ጄኔሬተር አለ። መጸዳጃው ንጹሕ ነው። ባለቤቴና ልጆቹ በዚያው ሆቴል ክፍል ይዘው፣ በእረፍት ወጥቼ አያቸው ነበር። ተማሪዎቹም አድራሻ አልጠፋባቸውም።

ችግሩ አዳራሽ የሚሰራው ለስብሰባ መሆኑ ነው። መጋረጃው ወፍራም፣ መብራቱ ደብዛዛ፣ ሶኬቱ ግድግዳ ጥግ ላይ ነው። ጠረጴዛው የሚያንሸራትት ጨርቅ ለብሷል፤ ያንን አስነሱ። ካውያ መጠቀም ይፈቀድ እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሁሉም አይፈቅድም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ደግሞ አዳራሹ ለሌላ ትልቅ ስብሰባ ተሰጥቶ አገኘሁት። የያዝኩት በስልክ ነበር፣ ወረቀት አልነበረኝም። አሥራ አንድ ሴቶች ጨርቃቸውን ታቅፈው በር ላይ ቆሙ። ሰባቱ ከሥራ ፈቃድ ወስደው የመጡ ናቸው። በመጨረሻ በምግብ ቤቱ ጥግ አስቀመጡን፣ ስልጠናው እስከ እኩለ ቀን ብቻ ሆነ። ያ ቀን ዛሬም ይቆጨኛል። አዳራሽ ስትይዙ ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ቀብድ ክፈሉ፣ ከዋዜማው ማታ ሄዳችሁ ጠረጴዛውን ራሳችሁ አስተካክሉ።

አዳራሽ የሚያዋጣው ከአሥራ ሁለት ተማሪ በላይ ሲኖር፣ ወይም ወጪውን የሚችል ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት ሲኖር ነው። ከኪሳችሁ ከሆነ ስሌቱን ደግማችሁ ሥሩት።

አማራጭ ሦስት፦ የልብስ ስፌት ቤት በእሑድ

እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። እሑድ የሚያርፍ ስፌት ቤት ፈልጋችሁ ለቀኑ ትከራያላችሁ። መኪናው እዚያ ነው፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ በቁመት ልክ ነው፣ ካውያው ዝግጁ ነው፣ ወለሉ ላይ የሳምንቱ ቁርጥራጭ በጆንያ ተሞልቶ ይጠብቃል። ይዤ የሄድኩት አንድ ቦርሳ ብቻ ነበር፦ መቀሶች፣ ክር፣ ከካርቶን የተቆረጡ ልኮች፣ ማግኔቱ።

ትልቁ ጥቅሙ ፔዳሉ ነው። በእግር የሚረገጠው መኪና መብራት አይፈልግም። በዚያ እሑድ መብራት ሄዶ ሦስት ሰዓት ቆየ፣ ማንም ከሥራ አልተነሳም። ካውያውን በከሰሉ ተካነው። ጀማሪ ደግሞ በፔዳል ቀስ ብላ ትማራለች። ባለሞተሩ የፋብሪካ መኪና ግን ለጀማሪ አይሆንም፤ በጣም ይፈጥናል፣ ጣትም ይወጋል። ስትከራዩ "ስንቱ ፔዳል ነው፣ ስንቱ ሞተር?" ብላችሁ ጠይቁ።

ባለቤቱ ሁለት ነገር ይፈራል፦ መኪናው እንዳይበላሽ፣ ደንበኛው እንዳይወሰድበት። እኔ ያገኘኋቸው ጋሼ መጀመሪያ ፈቃደኛ አልነበሩም። ኪራዩን በስፌት መኪናው ብዛት ከፍዬ፣ ሁለት ልጆቻቸው በነጻ እንዲማሩ አደረግሁ። መርፌ ከተሰበረም እኔ እንደምተካ ተስማማን። ጠዋት ቆመው ሲያዩን ቆዩ። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው መጥተው "ይቺ ጠርዟን እንዲህ ብትዘመዝመው ይጠነክራል" እያሉ ያሳዩ ጀመር። ሠላሳ ዓመት የሰፋ እጅ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ለልጅ ቦታ የለውም። ጠባብ ነው፣ መንገድ ዳር ነው፣ የጋለ ካውያ አለ። ልጆቹ ከአባታቸው ወይም ከአያታቸው ጋር መዋል አለባቸው። እኛ ያደረግነው፣ ጠዋት ባለቤቴ ጅሬን ኮረብታ ላይ ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወሰዳቸው። ለምሳ እማዬ ጋ ገቡ፣ ከሰዓት ተኙ። እኔ 11 ሰዓት ላይ ስመለስ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር። ስፌቱና ልጆቹ የተለያየ ቤት ሲውሉ ለሁሉም ይሻላል።

አማራጭ አራት፦ ከጅማ እየወጡ በየከተማው መዞር

ጓደኛዬ ያደረገችው ነው። ሰርቦ፣ ሰቃ፣ አጋሮ። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የራሳቸው የቤት መኪና ነበራቸው፣ ልጆቿም አሥርና አሥራ ሦስት ዓመታቸው ነው። ትልቋ ጨርቅ ትቆርጣለች፣ ትንሹ ክር ያድላል። እነሱ ጋ ያማረው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር በጣም ወደድኩላት፤ አልጋ አልቀየሩም። በየቀኑ ወጥተው ማታ ጅማ ተመልሰው አንድ ቤት ያድራሉ። በየከተማው ማደር ልጅን ያመዋል፣ ዕቃም ይጠፋል። የሕዝብ ትራንስፖርት ለምትጠቀሙ ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ ግን አልመክርም። ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ነው። በተለይ አጋሮ አካባቢ ሴቶቹ ጊዜ የላቸውም። እጃቸው ላይ ገንዘብ የሚገባውም ያኔ ስለሆነ፣ ከለቀማው በኋላ ጥርና የካቲት ይሻላል።

ባጭሩ ሲታይ

| መመዘኛ | ዘመድ ቤት | የሆቴል አዳራሽ | ስፌት ቤት በእሑድ | በየከተማው መዞር |
|---|---|---|---|---|
| ልጆች | ቅርብ ናቸው፣ ግን ከመርፌው ጋር | ክፍል ውስጥ ከአባት ጋር | ሌላ ቤት መዋል አለባቸው | ከአሥር ዓመት በላይ ከሆኑ |
| ብርሃን | በረንዳ ላይ ጥሩ | ብዙ ጊዜ ደብዛዛ | ደህና | እንደ ቦታው |
| መብራት ሲጠፋ | እጅ ስፌት ይቀጥላል | ጄኔሬተር | ፔዳልና ከሰል ካውያ | እጅ ስፌት ብቻ |
| የሚሸከሙት | መካከለኛ | ብዙ | ጥቂት | ብዙ |
| የተማሪ ቁጥር | እስከ 5 | ከ12 በላይ | እንደ መኪናው፣ ከ6 እስከ 10 | እስከ 8 |
| ወጪ | ዝቅተኛ፣ ግን የተደበቀ | ከፍተኛ | መካከለኛ | በነዳጅ ይወሰናል |

ለማን የቱ?

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነና መጀመሪያችሁ ከሆነ፣ ዘመድ ቤት ግማሽ ቀን ሞክሩ፦ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል፣ ከምሳ በፊት የሚያልቅ፣ በእጅ ስፌት። ዕቃው እዚያው ይገኛል። ለገበር አቡጀዲ በቂ ነው። ለመሃሉ ያረጀ ጋቢ ውሰዱ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ለሁለት ስትከፍሉት ሁለት ሙሌት ይወጣዋል፣ ለስላሳና ለመርፌ የማያስቸግር። ከላይ የሚሆነውን ጥጥ ጨርቅ አጥባችሁ ተኩሱት፤ ሳይታጠብ የተሰፋ በኋላ ይሰበሰባል። ቀዩን ለብቻ አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ እሹት፤ ቀለም ከለቀቀ አታስገቡት። ቴትሮን (ሰው ሠራሽ ጨርቅ) ካውያ ላይ ስለሚያስቸግር ለጀማሪ አትስጡ።

መካከለኛ በጀት ካላችሁና ልጆቹን የሚይዝ ሰው ካለ፣ ስፌት ቤቱን ያዙ። ለአንድ ቀን የሚበቃው ሥራ የትራስ ልብስ ነው። በ11 ሳንቲ ሜትር የተቆረጡ 16 ካሬዎች፣ በየጎኑ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ለስፌት ሲሄድ፣ አራት በአራት ተገጥመው 40 ሳንቲ ሜትር ይወጣቸዋል። ተማሪዋ ጨርሳ ቤቷ ይዛው ትገባለች። የሕፃን ብርድ ልብስ ባንድ ቀን እናስጨርሳለን የሚል አስተማሪ ካጋጠማችሁ አትመኑት። 90 በ90 የሆነው 81 ካሬ ይፈልጋል፤ ሁለት እሑድ ነው።

ወጪውን የሚከፍል ድርጅት ካለ አዳራሹን ያዙ፣ ከደረሰኙ ጋር። የቤት መኪና ያላችሁና ልጆቻችሁ የደረሱ ደግሞ በበጋው መሃል በየከተማው ውጡ።

ቀን ስትመርጡ ሐሙስን ተዉት፤ የገበያ ቀን ነው፣ ሴቶቹ አይመጡም። ዓርብ ከሰዓት አካባቢ ሶላት አለ። በረመዳን ሙሉ ቀን ስፌት ማስተማር ጭካኔ ነው። የክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ለልጆች ይመቻል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ዝናቡ ስለሚከብድ፣ ያኔ ከሄዳችሁ ጣሪያ ያለው ቦታ ብቻ ያዙ፣ ተማሪዋም እንድትደርስ ግማሽ ሰዓት ጨምሩላት።

ጡት የሚጠባ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ሙሉ ቀን አትያዙ። ሁለት ሰዓት ተኩል ማስተማር፣ አንድ ሰዓት ዕረፍት፣ እንደገና አንድ ሰዓት ተኩል። ማረፊያችሁ ከስልጠናው ቦታ በባጃጅ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይራቅ። ዕረፍቱን ለተማሪዎቹ ጠዋት ንገሯቸው። ምክንያቱን ስነግራቸው ደስ ያላላት እናት አላጋጠመችኝም።

ከአሜሪካ የምትመጡ ደግሞ የራሳችሁን የስፌት መኪና አታምጡ። በ110 ቮልት የሚሰራው እዚህ 220 ላይ በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል፣ መቀየሪያው ደግሞ ለብቻው ከባድ ነው። በእሱ ፈንታ ጥሩ መርፌ፣ ስለታም መቀስና ጠንካራ የጥጥ ክር አምጡ። ስትመለሱ ለስፌት ቤቱ ትታችሁላቸው ሂዱ።